ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠይቅ ደብተር እንዴት ይዘጋጃል?

በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን ደብተር ብትገልጡ አብዛኛው ያምራል። ርእሱ በቀይ ተሰምሯል፣ እጅ ጽሑፉ ንጹሕ ነው። ችግሩ ከመማሪያ መጽሐፉ ቃል በቃል የተገለበጠ መሆኑ ነው። ስንገለብጥ እጅ ይደክማል እንጂ አእምሮ ብዙም አይሠራም። ስለዚህ ተማሪው ጥያቄውን ሲያይ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ይላል፤ አራቱ ምርጫዎች ፊቱ ሲደረደሩ ግን የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። አይቶ መለየትና ከራስ አውጥቶ መመለስ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። የመገልበጥ ሌሊቶች የሚያሠለጥኑት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ደብተሩ መልሶ የሚጠይቃችሁ መሆን አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ያዙ። ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ስለሚሸፍን ለአንድ ክፍል 25 ገጽ ይደርሰዋል። ጠባብ ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው፤ የሚጻፈውን ከማይጻፈው እንድትለዩ ያስገድዳችኋል። በየገጹ ከግራ ጠርዝ 6 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች አስምሩ፤ ከግርጌ ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቦታ ለዩ። በስተቀኝ ያለው ሰፊ ቦታ ለሐሳቡ፣ የግራው ለጥያቄ፣ የግርጌው ምዕራፉን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለመቋጨት ነው።

አሁን መጽሐፉን ክፈቱና አንድ ንዑስ ርእስ፣ ማለትም ከ2 እስከ 3 ገጽ፣ እስክሪብቶ ሳትይዙ አንብቡ። ከዚያ መጽሐፉን ክደኑት። የምታስታውሱትን በስተቀኝ በኩል በሰማያዊ ጻፉ። ይቆርጣል፣ ይጎድላል፣ ግድ የለም። ሲያበቃ መጽሐፉን ከፍታችሁ የዘለላችሁትንና የሳታችሁትን በቀይ ሙሉ። በኋላ ደብተሩን ስትገልጡ ቀዩ የማታውቁትን ስለሚነግራችሁ የክለሳ ጊዜያችሁ በምታውቁት ላይ አይባክንም። መጽሐፉ ሳይከደን ከተጻፈ ግን ሁሉም ሰማያዊ ይሆንና ዘዴው ዋጋ ያጣል። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ ወረቀት ፊት መቀመጥ ስለሚያስጨንቅ መጽሐፉን ገርበብ አድርገው ይሰርቃሉ። ያ ጭንቀት ግን ትምህርቱ እየገባ የመሆኑ ምልክት ነው። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ የቃል ትምህርት በምሽት፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ የሚሰጠው ተማሪው በዓይኑ ሳይሆን በልቡ እንዲይዘው ነው።

በግራ በኩል የሚገባው ጥያቄ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ኢንዛይም ምንድን ነው?» ደካማ ጥያቄ ነው። «ሙቀት ከልኩ ሲያልፍ ኢንዛይም ሥራውን የሚያቆመው ለምንድን ነው?» ይሻላል፤ ምክንያትን ይጠይቃልና። «ማይቶሲስና ሚዮሲስ በምን ይለያያሉ?» ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፤ የተሳሳቱት ምርጫዎች የሚሠሩት ከተቀራራቢ ነገሮች ስለሆነ። ለአንድ ገጽ ከ4 እስከ 6 ጥያቄ ይበቃል። ስትከልሱ የቀኙን በወረቀት ሸፍናችሁ የግራውን ብቻ እያነበባችሁ ድምፅ አውጥታችሁ መልሱ።

በቋንቋው ጉዳይ አቋማችን ግልጽ ነው። ሐሳቡን በአማርኛ ተረዱት፣ በአማርኛም አስረዱት፤ ቁልፍ ቃሉን ግን ፈተናው በሚጠቀምበት በእንግሊዝኛው ጻፉት፣ ፊደሉም ሳይሳሳት። ሁሉን በአማርኛ የያዘ ተማሪ ትምህርቱን እያወቀ ጥያቄው ላይ ይደናገራል። ሁሉን በእንግሊዝኛ የገለበጠ ደግሞ ሳይገባው ይሸመድዳል።

ስሌት ያለባቸው ትምህርቶች ይህን ገጽ እምብዛም አይፈልጉም። ለፊዚክስና ለሒሳብ ለአንድ ምዕራፍ አንድ የፎርሙላ ገጽ አዘጋጁ፤ ከእያንዳንዱ ፎርሙላ ጎን መለኪያውንና መቼ እንደሚሠራ ጻፉ። የእንቅስቃሴ ፎርሙላዎች አክስለሬሽኑ ቋሚ ሲሆን ብቻ እንደሚሠሩ ያልጻፈ ተማሪ የትም ቦታ ይሰካቸዋል። የቀረው ጊዜ ጥያቄ ለመሥራት ይዋል።

የሶሻል ተማሪዎች የአካባቢያቸውን መሬት ቢጠቀሙበት ያተርፋሉ። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚቀንስ መሸምደድ ይቻላል። ይሁንና ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1300 ሜትር ገደማ መሆናቸውን ይዞ 1500 ሜትሩን ያሰላ ሰው 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ያገኛል፤ ጣርማ በርን ወርዶ ጋቢውን ያወለቀ ሁሉ ደግሞ መልሱን በገላው ያውቀዋል። በታሪክ ዓመተ ምሕረት ስትይዙ ሁለቱንም አቆጣጠር አንድ መስመር ላይ ጻፉ፦ ዓድዋ 1888፣ በአውሮፓ 1896፤ ሰገሌ 1909፣ በአውሮፓ 1916። አንዱን ብቻ የያዘ ተማሪ የሌላው አቆጣጠር ሲመጣበት የሚያውቀውን መልስ ያልፈዋል።

የስሕተት ደብተር

ከሁሉም ደብተር አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል ይህን እንመርጣለን። የቀድሞ ዓመታት ፈተና ወይም ሞዴል ስትሠሩ የሳታችሁትን ጥያቄ ቁጥሩንና ትክክለኛውን ፊደል ብቻ ጽፎ ማለፍ ከንቱ ነው። ለእያንዳንዱ ስሕተት አራት መስመር ስጡ፦ ጥያቄው ባጭሩ፣ የመረጣችሁት፣ ትክክለኛው፣ እና ለምን እንደሳታችሁ። ዋናው አራተኛው ነው።

ምሳሌ ከኬሚስትሪ። 28 ግራም ናይትሮጅን ከ10 ግራም ሃይድሮጅን ጋር አሞኒያ ቢሠራ ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው? ብዙ ተማሪ 10 ከ28 ያንሳል ብሎ ሃይድሮጅንን ይመርጣል። ወደ ሞል ሲቀየር ግን ናይትሮጅኑ 1 ሞል፣ ሃይድሮጅኑ 5 ሞል ነው። 1 ሞል ናይትሮጅን የሚፈልገው 3 ሞል ሃይድሮጅን ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅን ነው። 34 ግራም አሞኒያ ይገኛል፤ 4 ግራም ሃይድሮጅንም ይተርፋል። በአራተኛው መስመር የሚጻፈው «ኬሚስትሪ ከበደኝ» አይደለም፤ «ግራም ከግራም አነጻጸርኩ፤ መጀመሪያ ወደ ሞል» የሚል ነው።

ስሕተቶቹ ሃምሳ ያህል ሲደርሱ በዓይነት ለዩአቸው። ያላነበባችሁት፣ አንብባችሁ የረሳችሁት፣ የገባችሁ ግን በስሌት የሳታችሁት፣ ጥያቄውን ያጣመማችሁት። መድኃኒታቸው ይለያያል። ያላነበባችሁት ወደ መጽሐፉ ይመልሳል፤ የረሳችሁት ከታች የምንገልጸውን የጥያቄና መልስ ካርድ ይፈልጋል። ያጣመማችሁት ብዙ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ጥያቄው ውስጥ ያለችውን «ኖት» ወይም «ኤክሴፕት» መዝለል ላይ ነው፤ ሁልጊዜ ስታነቡ ክበቡባት። እውቀት ሳይጨመር ነጥብ የሚገኝበት ቦታ ይህ ስለሆነ አደራ፣ አትናቁት።

ክለሳው መቼ?

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራው እንዳሳየው አዲስ ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ በተጻፈበት ዕለት ማታ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ከልሱት። ቀኖቹን በገጹ ራስ ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ባለፋችሁ ቁጥር ሰርዙ። አንዱ ቢያመልጣችሁ በማግስቱ አድርጉት፤ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም።

የሚጠፉ ቃላትንና ፎርሙላዎችን ወደ ካርድ አዙሩ፤ አንድ ሙሉ ወረቀት ለ8 ተቆርጦ ከፊቱ ጥያቄ፣ ከኋላው መልስ። ሦስት ቦታ ከፍላችሁ አስሩ፤ የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየ3 ቀኑ፣ ሦስተኛው በሳምንት። የተመለሰ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፣ የተሳተ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ስንቅ ለማምጣት ቅዳሜ ወደ ገጠር የሚሄዱ ልጆች ካርዱን ኪሳቸው ቢይዙ የመንገዱ ሰዓት ይተርፍላቸዋል። አጨዳና ውቂያ በሚበዛበት ኅዳርና ታኅሣሥ ቤተሰብ ጉልበት ይፈልጋል፤ በነዚያ ሳምንታት አዲስ ምዕራፍ አታቅዱ፣ ክለሳ ብቻ ይበቃል።

በደጋው ብርድ ብዙዎች ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ያነባሉ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይተኛሉ። ጋቢ ደርባችሁ፣ እግራችሁን ጠቅልላችሁ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ 50 ደቂቃ አንብባችሁ 10 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ። የከሰል ምድጃ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ እንቅልፍ መስሎ ይገድላል። ቆላ ያላችሁ ከባዱን ትምህርት ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ጨርሱት። መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ አትሩጡ፤ የግራውን ጥያቄዎች በቃል መመለሻ ሰዓት አድርጉት።

ከፈተናው 2 ወር በፊት ጀምሮ በሳምንት አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓት ሥሩ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ደቂቃ ለጥያቄው ብዛት አካፍሉ፤ 100 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ከሆነ ለአንዱ 1 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ነው። አንዱ 3 ደቂቃ ከወሰደባችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት። ሳምንታዊው ፈተና እንደ መመዘኛ ብቻ ታይቶ ስሕተቱ ካልተመዘገበ ግማሽ ጥቅሙ ቀረ።

ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለሆነና ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ በቴሌግራም ያጠራቀማችሁት ፒዲኤፍ ሁሉ የመጨረሻዎቹን ቀናት አይደርስላችሁም፤ የሚያስፈልጋችሁን ከመሄዳችሁ ሳምንት በፊት ወረቀት ላይ አውጡት። በዋዜማው አዲስ ምዕራፍ አይከፈትም። የነገውን ትምህርት የስሕተት ደብተር አራተኛ መስመሮች ብቻ አንብቡና ከ4 ሰዓት ሳያልፍ ተኙ።