አዲስ ሪፍ ታንክ አልጌ ሲለብስ ምን እናርግ

ሪፍ ታንኩን፣ ያው ኮራልና የባሕር አሳ የሚኖሩበትን የጨው ውሃ መስታወት ሳጥን፣ ሞልታችሁ፣ ድንጋዩን ደርድራችሁ፣ ሳይክሉ (የአሳ ቆሻሻ የሚያፈርሰው ባክቴሪያ የሚራባበት ጊዜ) አልቆ ሁለት ክላውንፊሽ በሰላም እየዋኙ ነው፣ ከዛ አንድ ቀን ጠዋት መብራቱ ሲበራ ያ ማኛ ዱቄት የመሰለው ነጭ አሸዋ ላይ ሰው ሽሮ የነሰነሰበት ይመስላል። በሳምንቱ መስታወቱም ድንጋዩም ያንኑ ለብሷል። እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ምንም አልተበላሸም። ይሄ ዲያተም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፣ ሲሊኬት የሚባል ማዕድን ነው የሚጠቀመው፣ አዲስ አሸዋና አዲስ ድንጋይ ላይ ደሞ ሲሊኬት አይጠፋም፣ ሲያልቅበት እሱም ራሱ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ መጥቶ ሳምንታት ቆይቶ ይጠፋል። መስታወቱን ጥረጉ፣ ትሮከስ ወይ ሴሪት የሚባሉትን ቀንድ አውጣዎች ሶስት አራት አስገቡ፣ በቃ። መድሀኒት ምናምን እንዳትገዙ።

እኔ ግን ገዛሁ። 40 ጋሎን ታንክ ነው ያለኝ፣ አርሊንግተን ቨርጂኒያ፣ እና መጀመሪያ የሞላሁት በቧንቧ ውሃ ነው፣ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብ አድርጌበት "ጨርሻለሁ" ብዬ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ የዲሲና የአርሊንግተን ውሃ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት ጀርም ገዳይ) ነው ያለበት፣ ክሎራሚን ሲፈርስ አሞኒያ ይተዋል። ከዛ የባሰው ደሞ ከ2004 ጀምሮ ከቱቦው እርሳስ እንዳይሟሟ ተብሎ ሆን ተብሎ ፎስፌት ይጨመርበታል። ለሚጠጣው ሰው ጥሩ ነገር ነው፣ ለሪፍ ግን ማሳ ላይ ዳፕ እንደመበተን ነው። ስለዚ የትም ከተማ ኑሩ፣ አርኦ ዲአይ የሚባለውን፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን የሚያስቀር ማጣሪያ ግዙ፣ የሚወጣው ውሃ ቲዲኤሱ (የሟሟው ነገር መጠን) 0 መሆኑን በሜትር እያያችሁ ጨው በጥብጡ፣ ሜትሩ 1 ወይ 2 ማለት ሲጀምር ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ሬዚን ቀይሩ። እዚች ላይ ያላወጣችሁትን ብር በኋላ እጥፍ አድርጋችሁ ነው የምታወጡት፣ ከኔ ተማሩ።

እና ዲያተሙን አይቼ ደንግጬ ምን አደረኩ መሰላችሁ፣ ጂኤፍኦ የሚባለውን የብረት ዝገት የሚመስል ፎስፌት መምጠጫ ከታዘዘው ሁለት እጥፍ ጨመርኩ፣ አሳዎቹን ምግብ ቀነስኩባቸው፣ ውሃውን በየሶስት ቀኑ ቀየርኩ። በወሩ ናይትሬትም (ከአሳ ቆሻሻ የሚመጣ ሌላው የአልጌ ምግብ) 0 ፎስፌትም 0። ኩራቴ! ታንኩ ለአስር ቀን ያህል መስታወት ሆነ፣ ከዛ ቡኒ ክር የመሰለ ነገር ከድንጋዩ ጫፍ ጫፍ መንጠልጠል ጀመረ፣ በየክሩ ጫፍ ላይ አረፋ አለች። አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ሳሎን ቡና እየቆላች ቀና ብላ አየችውና "ምነው ልጄ፣ አሳዎቹን ጉንፋን ያዛቸው እንዴ? ውሃው ንፍጥ በንፍጥ ሆኗል'ኮ" አለችኝ። ልክ ነበረች፣ ከዛ የተሻለ ገለጻ እስካሁን አላየሁም። ዳይኖ ነበር፣ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሴል ፍጥረት። በዛው ሳምንት ስድስት ቀንድ አውጣ ሞተብኝ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ የዳይኖ ዘር መርዝ አለው፣ የሚበላውን ይገላል።

ዳይኖ ከሌላው ተቃራኒ ነው። ሌላው አልጌ ምግብ ሲበዛ ነው የሚመጣው፣ እሱ ግን ናይትሬትና ፎስፌት ባዶ ሲሆኑ ተፎካካሪዎቹ ሲራቡ ሜዳውን ይወርሰዋል። ስለዚ ዲያተም መስሏችሁ ውሃውን ባጸዳችሁት ቁጥር እሱን ነው የምትቀልቡት።

እንዴት ትለያላችሁ? ከንፍጡ በቱቦ ትንሽ መጥጣችሁ ከታንኩ ውሃ ጋር ጠርሙስ ውስጥ አድርጉና በደምብ ናጡት፣ እንደ ቅቤ። ከዛ በቡና ፊልተር ወረቀት አጥሉት (እኛ ቤት ጀበና እንጂ ማሽን የለም፣ ወረቀቱን የገዛሁት ለዚ ነው፣ አክስቴ እስካሁን ትስቃለች)፣ ያጠለላችሁትን ውሃ በብርጭቆ አድርጋችሁ መብራት ስር ለአንድ ሰዓት ያህል ተዉት። ጠርቶ የነበረው ውሃ ውስጥ ክሩ ተመልሶ ከተጓጎለ ዳይኖ ነው። ሌላም ምልክት አለ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲያድር ጠዋት አሸዋው የጸዳ ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። እርግጠኛ ለመሆን 400 እጥፍ የሚያጎላ ርካሽ ማይክሮስኮፕ ይበቃል፣ ሴሎቹ ሲንቀሳቀሱ ታያላችሁ።

ዳይኖ ከሆነ የውሃ ቅየራውን አቁሙ፣ ጂኤፍኦውን አውጡ፣ አሳዎቹን በደምብ አብሉ፣ ካስፈለገም ለሪፍ የሚሸጠውን ናይትሬትና ፎስፌት በጠብታ እየጨመራችሁ ናይትሬቱን ከ5 እስከ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ)፣ ፎስፌቱን 0.05 እስከ 0.1 አካባቢ ያዙት። አዎ፣ አልጌ ያለበት ታንክ ላይ ማዳበሪያ መጨመር ነው፣ እጄ ተንቀጥቅጧል ስጨምር። መርዙን እንዲመጥ አክቲቭ ካርበን (ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል) አስገቡ። ማታ ማታ ወደ ውሃው የሚነሳው አይነት ከሆነ ዩቪ (ውሃው የሚያልፍበት የአልትራቫዮሌት መብራት) ይገለዋል፣ አሸዋ ውስጥ የሚደበቀውን ግን ዩቪ አያገኘውም፣ ማይክሮስኮፑ የሚጠቅመው ለዚም ነው። ለሶስት ቀን መብራቱን አጥፍታችሁ ታንኩን በጨርቅ ብትሸፍኑት ይረዳል፣ ኮራሎቹ ይችሉታል። የኔ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሲሄድ በምትኩ አረንጓዴ አልጌ መጣ፣ በሕይወቴ አረንጓዴ አይቼ እንደዛ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀይ ሆኖ እንደ ስስ ብርድ ልብስ አሸዋውን የሚሸፍነው ደሞ ሳያኖ ነው፣ በትክክሉ አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ። ስትነኩት እንደ ቆዳ በአንድ ላይ ይነሳል። ዘመዱ ነው የኛን ቀይ ባሕር አልፎ አልፎ የሚያቀላው፣ የባሕሩ ስም ከዛ የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ብዙ ጊዜ ውሃው የማይደርስበት ጥግ ላይ ይጀምራል፣ ስለዚ የፓወርሄዱን፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ፣ አቅጣጫ ቀይሩ፣ ውሃ ስትቀይሩ በጎማው ምጠጡት፣ በሳምንት 10 ፐርሰንት ያህል። በመድሀኒት የሚገሉት አሉ፣ ይሰራል፣ ግን ብዙ ሳያኖ በአንዴ ሲሞት ኦክስጅን ይወርዳል፣ የአየር ፓምፕ ሳታስገቡ እንዳትሞክሩት።

ጸጉር የመሰለው አረንጓዴ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ስህተት ይሰራል። ናይትሬት ይለካል፣ 0 ይልለታል፣ "ታዲያ ምን እየበላ ነው" ብሎ ግራ ይገባዋል። አልጌው ራሱ ጨርሶት ነዋ! በተለይ ደረቅ ድንጋይ ከገዛችሁ ድንጋዩ የያዘውን ፎስፌት ለወራት ቀስ እያለ ይለቃል፣ ከዛ ላይ ነው የሚበላው። ጣና ላይ እምቦጭን በእጅ እየነቀሉ ከማሳው የሚመጣው ማዳበሪያ ካልቆመ ተመልሶ እንደሚሞላው ማለት ነው። ግን መንቀሉም ግድ ነው፣ ከታንኩ የወጣ አልጌ ከነበላው ፎስፌት ነው የሚወጣው። የሚወጣውን ድንጋይ አውጡና ከታንኩ በቀዳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ በቧንቧ ውሃ ከሆነ ባክቴሪያውን ትጨርሱታላችሁ። መብራቱን በቀን ወደ 6 ወይ 7 ሰዓት ቀንሱ፣ ነጩን መብራት ከሰማያዊው ይበልጥ አደብዝዙት። ጂኤፍኦ እዚ ላይ ጥሩ ነው፣ ግን በትንሹ፣ በየሳምንቱ እየለካችሁ፣ ፎስፌቱ 0.03 ሲደርስ አቁሙ። ሳምፕ (ከታንኩ ስር የሚቀመጥ የማጣሪያ ሳጥን) ያላችሁ ኬቶ የሚባለውን የተጠላለፈ አረንጓዴ ሳር የሚመስል አልጌ እዛ አሳድጉና በየሁለት ሳምንቱ ግማሹን አጭዳችሁ ጣሉ፣ ፎስፌቱንና ናይትሬቱን ይዞላችሁ ይወጣል። ታንግ የሚባለውን አልጌ በል አሳ ገዝታችሁ እንዲበላላችሁ የምታስቡ፣ በ40 ጋሎን አይሆንም፣ አሳውን ታሰቃዩታላችሁ።

ቅጠሉ እንደ ላባ የሆነው ብራዮፕሲስ ነው፣ እሱን ፈትጎ የጨረሰ ሰው አላየሁም፣ ፍሉኮናዞል ነው የሚያጠፋው፣ አዎ ያው የፈንገስ መድሀኒቱ። ክብ ክብ አረንጓዴ ኳስ የምታዩ ከሆነ ደሞ ታንኩ ውስጥ እንዳታፈነዱት፣ ውስጡ ዘር ሊኖረው ይችላል። ድንጋዩን አውጥታችሁ ባልዲ ላይ ከስሩ በወረንጦ ፈልቅቁት፣ የተረፈውን ኤመራልድ የሚባለው አረንጓዴ ሸርጣን ይጨርሰዋል፣ ካልጠገበ።