ፍሪ ትሮው ላይ ቀድሞ መግባት፦ መጀመሪያ ኳሱ መግባቱን እዩ

በፊባ (ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ የምትዳኙ ወይም የምታሠለጥኑ ከሆነ፣ ፍሪ ትሮው (ነፃ ውርወራ) ላይ ተጫዋች ወደ ቀለበቱ ሥር ክልል ቀድሞ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚታየው ኳሱ መግባት አለመግባቱ ነው። ከገባ፣ ለሪባውንድ (የተሳተ ኳስ ለመያዝ) የቆመ ማንም ቢቀድም ጥፋቱ ይታለፋል፣ ነጥቡ ይቆጠራል። ነጥቡን የሚያሰርዘው የወርዋሪው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው፦ መስመሩን መርገጥ፣ 5 ሰከንድ ማሳለፍ ወይም ሊወረውር መስሎ ማታለል።

የመጨረሻው ውርወራ ከተሳተ ግን ጥፋተኛውን ለዩ። ተጋጣሚ ከሆነ ውርወራው ይደገማል፤ የወርዋሪው ቡድን ከሆነ ኳሱ በፍሪ ትሮው መስመር ትይዩ ከጎን ለተጋጣሚ ይሰጣል፤ ከሁለቱም ከሆነ የጃምፕ ቦል ቀስት (ኳሱን የመውሰድ ተራው የየትኛው ቡድን እንደሆነ የሚያሳየው ምልክት) ይወስናል።

ጭቅጭቅ የሚበዛው ሰዓቱ ላይ ነው። ለሪባውንድ የቆሙት (ቢበዛ 3 ተከላካይና 2 አጥቂ) ኳሱ ከወርዋሪው ጣት እንደለቀቀ መግባት ይችላሉ። ወርዋሪው ራሱ ግን ኳሱ ቀለበቱን እስኪነካ ወይም እስኪገባ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ዓይናችሁ ኳሱን ተከትሎ ወደ ላይ አይሂድ፤ የወርዋሪው እጅና የቋሚዎቹ እግር ላይ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ወርዋሪው አታሎ ተከላካዩ ዘሎ ቢገባ፣ የሚነፋው በወርዋሪው ላይ ነው። እዚህ ላይ ተከላካዩን መቅጣት ትልቅ በደል ነው።