«ዋጋ በኢንቦክስ» እና ሌሎች ባሕር ዳር ላይ ደንበኛ የሚያሸሹ የማስታወቂያ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ጥሩ ሥራ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። ዓሣውን ትኩስ የሚያቀርብ አለ። ጀልባውን አጽድቶ፣ ሰዓት አክብሮ የሚጠብቅ አለ። የሐበሻ ቀሚስ አሳምሮ የሚያሰፋ አለ። ብዙዎቹ ገበያ የሚያጡት በሥራቸው አይደለም። ስለ ሥራቸው በሚናገሩበት መንገድ ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ፖስት ይለጠፋል፣ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ከተማውን ይዞራል። ያን ሁሉ ያየና የሰማ ሰው ግን ዕቃው ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ፣ መቼ እንደሚከፈት ሳያውቅ ያልፋል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። አብዛኛው ስህተት እኮ ምንም ሳይወጣበት የሚታረም ነው።

ዋጋን መደበቅ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ቀሚሱ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። አንዷ ከሥር «ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ «ኢንቦክስ» ነው። ሌላዋም ትጠይቃለች፤ ለእሷም «ኢንቦክስ አድርገንልሻል»። ይህን የሚያነብ ሰው ወዲያው አንድ ነገር ይጠረጥራል። ለኔ ሌላ ዋጋ፣ ለሷ ሌላ ዋጋ ሊሉን ነው ይላል። ብዙው ሰው ደግሞ ዋጋ ለመጠየቅ እንኳ ያፍራል፤ ጠይቆ ሳይገዛ መቅረት ይከብደዋል። ስለዚህ ዝም ብሎ ያልፋል።

ነጋዴዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት «ተፎካካሪ ዋጋዬን ያይብኛል» የሚል ነው። ተፎካካሪማ ድሮ አውቆታል። እሱም እንደማንኛውም ሰው ኢንቦክስ ገብቶ ጠይቋል። ሳያውቅ የቀረው ደንበኛው ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በንግድ ቤቱ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። ሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዋጋ ስልክ ላይ የሚደበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ዋጋው የሚለዋወጥ ከሆነ እሱንም መጻፍ ይቻላል። ዓሣ በጾም ሰሞን ይወደዳል። «የዛሬ ዋጋ» ብላችሁ ቀኑን ጨምሩበት፤ ሰው ይረዳል።

በጣና ሐይቅ የጀልባ ጉዞ ላይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ማስታወቂያው «ዘጌ ደርሶ መልስ በቅናሽ» ይላል። እንግዳው ከፍሎ ይሳፈራል። ገዳም ሲደርስ የመግቢያ ይጠየቃል። ሁለተኛው ገዳም ሲሄድ እንደገና ይጠየቃል፤ እያንዳንዱ ገዳም የየራሱን ያስከፍላልና። አስጎብኚውም የራሱ ሂሳብ አለው። ማንም አላጭበረበረውም፤ ግን የተጭበረበረ ያህል ተሰምቶት ይመለሳል። «ዋጋው የጀልባውን ብቻ ነው፤ የገዳማት መግቢያና የአስጎብኚ ለየብቻ ይከፈላል» የሚል አንድ መስመር ይህን ሁሉ ቅሬታ ያስቀር ነበር።

በክረምት የተነሳ ፎቶ ለመጋቢት እንግዳ

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፎቶ የሌለበት የባሕር ዳር ማስታወቂያ አይገኝም። ፎቶው ሁሌም ከክረምት መውጫ ነው፤ ውኃው ገደሉን ሞልቶ የሚወርድበት፣ ጉሙ የሚታይበት። እንግዳው የሚመጣው ግን መጋቢት ላይ ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ በእግሩ ወጥቶ ወርዶ ሲደርስ የሚጠብቀው ከፎቶው ጋር የማይገናኝ ቀጭን ውኃ ነው።

ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። በበጋ ወንዙ በራሱ ይቀንሳል። ፏፏቴው አጠገብ ያሉት የኃይል ማመንጫዎችም ውኃ ይወስዳሉ። በ2002 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ውኃውን በቀጥታ ከሐይቁ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። የኛ ድርሻ ይህን ለእንግዳው ቀድሞ መናገር ነው። ፎቶው ሥር «መስከረም ላይ የተነሳ» ብላችሁ ጻፉ። የበጋውንም ፎቶ አጠገቡ አድርጉት። በመጋቢትም የሚታይ ነገር አለ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ፣ የገጠሩ መንገድ ለእግር ጉዞ የሚመች ነው። እውነቱን ሰምቶ የመጣ ሰው ባየው ይደሰታል። በፎቶ ተታልሎ የመጣው ግን አዲስ አበባ ተመልሶ የሚያወራው ስለ ቀጭኑ ውኃ ብቻ ነው።

ክልከላውን ጀልባ ላይ መናገር

ከጣና ደሴት ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እኛ እዚህ ያደግን ሰዎች ይህን ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይመስለናል። ከሐዋሳ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ቤተሰብ ግን ላያውቅ ይችላል። አባት፣ እናትና ሁለት ሴት ልጆች ሙሉ ከፍለው ተሳፍረው፣ ክብራን ዳር ሲደርሱ «እናንተ እዚሁ ጠብቁ» ቢባሉ ምን ይሰማቸዋል? የገዳሙን ሥርዓት የሚቃወሙ ሆነው አይደለም። አስቀድሞ ቢነገራቸው ሌላ መርጠው ነበር። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይገባል። ክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስም እንዲሁ። የጉዞ ማስታወቂያ የምትሠሩ ወገኖች፣ በእያንዳንዱ ገዳም ስም ትይዩ ማን እንደሚገባ ጻፉ። አለባበሱንም ጨምሩ።

የጾም ጉዳይም እዚሁ ይገባል። አንዳንድ ምግብ ቤት የተጠበሰ ቆሮሶ ፎቶ ለጥፎ «የጾም ምግብ» ይላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ አንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው አይስማማበትም። ምግብ ቤት ይህን ክርክር ለምን ይገባበታል? «ዓሣ አለን» አንድ መስመር፣ «የጾም በያይነቱ አለን» ሌላ መስመር። ዓሣው የተጠበሰበት ዘይት ለበያይነቱ የማይውል ከሆነ ያን ጻፉት። ጿሚው የሚፈልገው እሱን ነው።

«2፡00» ብሎ መተው

የሀገራችን ሰው «2 ሰዓት» ሲል ጠዋት ወይም ማታ ማለቱ ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ ደግሞ «2፡00» ሲያይ የሚታየው በኛ 8 ሰዓት ነው። ጀልባዋ ጠዋት ሄዳ፣ እሱ ከምሳ በኋላ ወደቡ ላይ ይቆማል። ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ስለሚበረታ ሐይቁ ለጉዞ እንደ ጠዋቱ አይመችም። በአማርኛ ሲጻፍ «ጠዋት 2 ሰዓት»፣ ለውጭ እንግዳ በራሱ አቆጣጠር ለየብቻ ይጻፍ። ቀኑም እንዲሁ። «በ12» ብሎ መተው ጥር 12 ይሁን የፈረንጆቹ 12 አይለይም፤ የጥምቀት ሰሞን ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል።

አድራሻና ስም

«ከድሮው መጋዘን ጀርባ» የሚል አድራሻ የሚጠቅመው ድሮውን ለሚያውቅ ነው። ዛሬ ቆሞ የሚታይ ነገር ጥቀሱ። የባጃጅ ሹፌር ሰምቶ ሊያደርሰው የሚችል መሆኑን ሞክሩት።

ስማችሁም ሁሉም ቦታ አንድ ይሁን። ታፔላው ላይ አንድ ስም፣ ቴሌግራም ላይ ሌላ፣ ካርታ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። ቴሌብር ሲከፈል ደግሞ የማይታወቅ የወንድም ወይም የአጎት ስም ይወጣል። ገዢው ገንዘቡን ሊልክ ሲል ያን ስም ያይና እጁን ይሰበስባል። ትክክል ነው፤ አጭበርባሪ በዝቷል።

ጋዜጠኛን እንደ ማስታወቂያ ሠራተኛ ማየት

ባሕር ዳር በዚህ የታደለች ከተማ ናት። አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው። ከ1987 ጀምሮ የሚታተመው በኩር ጋዜጣ፣ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉም በእግር የሚደረስበት ነው። ግን ብዙ ማኅበርና ድርጅት ወደዚያ የሚልከው ደብዳቤ ተመሳሳይ ነው። «ጉዳዩ፦ የሚዲያ ሽፋን እንዲደረግልን ስለመጠየቅ» ይላል። ቀጥሎ ማኅበሩ መቼ እንደተቋቋመ፣ ራዕዩና ተልዕኮው ምን እንደሆነ ይዘረዘራል። መጨረሻ ላይ «ከሰላምታ ጋር» እና ክብ ማኅተም። ዜናው የት አለ? ማን ምን አደረገ? አይገኝም። ደብዳቤው ደግሞ የሚደርሰው በዝግጅቱ ዋዜማ ነው፤ ካሜራውና መኪናው ለሌላ ሥራ ከተመደበ በኋላ።

አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር እምቦጭ ሊነቅል ነው እንበል። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ «የማኅበራችን አባላት ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሐይቁ ዳር እምቦጭ በእጅ ይነቅላሉ። መረባቸው በአረሙ እየተያዘ የተቸገሩ አስጋሪዎች ቃለ መጠይቅ ለመስጠት ፈቃደኛ ናቸው። ለቀረጻ ጀልባ አዘጋጅተናል። የሰብሳቢው ስልክ ይህ ነው።» ጋዜጠኛው ይህን ሲያነብ ምስሉ ይታየዋል፣ ማንን እንደሚያናግር ያውቃል። አራት አምስት ቀን ቀደም ብሎ ይድረሰው።

ከዚያ በኋላ ያለው ስህተት ደግሞ ይብሳል። ለጋዜጠኛው «አበል» ተብሎ ፖስታ ማቀበል የተለመደ ሆኗል። ይህ ሁለቱንም ያዋርዳል። ዜና ከሆነ ዜና ነው፤ ክፍያ ካለው ማስታወቂያ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ማስታወቂያ ከፈለጋችሁ የማስታወቂያ ክፍሉ ሄዳችሁ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ክፈሉ።

ጥሩ ሲሆን ጠርቶ፣ ችግር ሲመጣ ስልክ መዝጋትም አለ። «ስብሰባ ላይ ነኝ» ለሦስት ቀን አይሠራም። ያልጠራ ነገር ካለ «አጣርቼ ነገ 4 ሰዓት ላይ እደውላለሁ» በሉና በሰዓቱ ደውሉ። ዘገባው ውስጥ የናንተ ቃል ከሌለ የሚሞላው በሌላ ሰው ቃል ነው።

ጩኸት

ባጭሩ፦ ሐይቅ ዳር የሚቀመጥ ሰው ጸጥታ ፈልጎ ነው የመጣው። ሞንታርቦውን እዚያ አታቁሙ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አጠገብ በጸሎት ሰዓት፣ የዩኒቨርሲቲው ፔዳና ፖሊ ግቢዎች አጠገብም በፈተና ሰሞን አታቁሙ።

ሳይጠይቁ ፎቶ መለጠፍ

ታንኳ የሚቀዝፈው አባት፣ ገዳሙ በር ላይ የቆሙት መነኩሴ፣ ከእጮኛው ጋር ዓሣ የሚበላው ደንበኛ፤ ሁሉም ባነር ላይ ይወጣሉ። የጠየቃቸው የለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ሕጉን ተዉት፤ ነውርም ነው። «አባባ፣ ፎቶዎን ለማስታወቂያ ብንጠቀምበት ይፈቅዱልናል?» ማለት ምን ይከብዳል? እሺ ካሉ የሚገባቸውን ክፈሏቸው።

በአንድ መንገድ ብቻ መንጠልጠል

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ሥራቸው ሙሉ በሙሉ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የነበረ ሰዎች ደንበኞቻቸውን በአንድ ቀን አጡ። የደንበኞቻቸውን ስልክ ደብተር ላይ የጻፉት ግን በመደበኛ ጥሪና በአጭር መልእክት ቀጠሉ። ስለዚህ ደብተር ይኑራችሁ። ደንበኛውን «ትኩስ ዓሣ ሲገባ መልእክት እንላክልዎት?» ብላችሁ ጠይቁና ፈቃደኛ ከሆነ ቁጥሩን መዝግቡ። በቃኝ ሲል ያን ቀን ሰርዙት። መልእክቱን በቀን ላኩ፤ አጭር ይሁን፣ የቤቱ ስም፣ ዋጋውና ሰዓቱ አይጉደሉበት።