ሲስቲክ ፋይብሮሲስና የዘረ-መል አርትዖት፦ ዜናውን ስናነብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ከወላጆች የሚወረስ፣ በተለይ ሳንባንና ቆሽትን የሚጎዳ በሽታ ነው። ስለ ክሪስፐር፣ ማለትም ዘረ-መልን በተፈለገው ቦታ ለማረም ስለሚያገለግለው መሣሪያ፣ የሚወጣ ዜና ሕሙማኑንና ወላጆቻቸውን አንድ ሰሞን በተስፋ ይሞላል፤ በሌላው ሰሞን ቅስማቸውን ይሰብራል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የምርምሩ አይደለም፤ የአነባበባችን ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉንም «የዘረ-መል ሕክምና» ብሎ መጠቅለል

ለበሽታው መንስኤ የሆነው ሲኤፍቲአር የተባለ ዘረ-መል በ7ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ ተለይቶ የታወቀውም በ1989 ነው። በእሱ መመሪያ የሚሠራው ፕሮቲን ከሕዋሱ ገጽ ላይ ሆኖ ክሎራይድና ባይካርቦኔት ያሳልፋል። ይህ ሲበላሽ በአየር ቧንቧው ውስጥ ያለው አክታ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ የጀርም መራቢያም ይሆናል። እንደ ትሪካፍታ ያሉት ክኒኖች ዘረ-መሉን አይነኩትም፤ የተጣመመውን ፕሮቲን አቃንተው ሥራውን እንዲሠራ ያግዙታል፤ በየቀኑ የሚወሰዱትም ለዚህ ነው። ከ1993 ጀምሮ በሰው ላይ የተሞከረው የዘረ-መል ሕክምና ደግሞ ጤነኛ ቅጂ ከውጭ ይጨምራል፤ የተበላሸውን ባለበት ይተወዋል። አርትዖት ግን ስህተቱ ካለበት ቦታ ድረስ ሄዶ ያርማል። ስለዚህ አንድ ዜና ሲመጣ መጀመሪያ «ከሦስቱ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አንድ እርማት ለሁሉም ይሆናል ማለት

በዚህ ዘረ-መል ላይ ከ2,000 በላይ ልዩነቶች (የዲኤንኤ ፊደላት ለውጦች) ተመዝግበዋል፤ ሁሉም ግን በሽታ አያመጡም። እጅግ የተለመደው ኤፍ508ዴል የሚባለው ነው፤ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት ጎድለውበታል። አንዱን ፊደል በሌላ የሚለውጠው የአርትዖት ዓይነት ለዚህ አይሆንም፤ የጎደለውን መልሶ የሚያስገባ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። አርትዖትን በጉጉት የሚጠብቁት ደግሞ ይበልጡን ክኒኖቹ የማይሠሩላቸው ሕሙማን ናቸው፤ ፕሮቲኑን ጨርሶ ስለማያመርቱ የሚቃና ነገር የላቸውም። እነዚህ ከመቶ አሥር ያህል ሲሆኑ ልዩነታቸውም እርስ በርሱ የተራራቀ ነው። የራስን ወይም የልጅን ልዩነት በስሙ ሳያውቁ «የእኛም መድኃኒት መጣ» ማለት አይቻልም።

«ሲክል ሴል ከታከመ ይህስ ምን ያቅተዋል?»

ዋናው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ሲክል ሴል ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያጣምም የውርስ በሽታ ነው፤ በ2023 መጨረሻ የጸደቀው ሕክምናው የደም ግንደ-ሕዋሳትን (አዳዲስ የደም ሕዋሳት የሚያመነጩትን) ከበሽተኛው ወስዶ በቤተ-ሙከራ አርትዖት አድርጎባቸው ይመልሳል። ሳንባን አውጥቶ ማረም የለም። በ2025 በፊላዴልፊያ ለአንድ ሕፃን ብቻ ተብሎ የተሠራው አርትዖትም ዒላማው ጉበት ነበር፤ የአርትዖት መሣሪያውን ተሸክመው በደም ሥር የሚሰጡ የቅባት ናኖ ቅንጣቶች (እጅግ ደቃቅ እንክብሎች) ደግሞ ወደ ጉበት መሄድ ይቀናቸዋል።

ሳንባ ግን ከውጭ የሚመጣን ነገር ለመመለስ የተሠራ አካል ነው። አክታው ይይዛል፣ ጥቃቅን ፀጉሮቹ ጠርገው ያወጣሉ፣ የመከላከያ ሕዋሳቱ የተረፈውን ይውጣሉ። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ደግሞ ያው የሚታከመው ወፍራም አክታ ራሱ ሕክምናውን ያግዳል። በብሪታንያ በየወሩ እየተነፈሰ ለአንድ ዓመት የተሰጠና ውጤቱ በ2015 የወጣ የዘረ-መል ሕክምና፣ የሳንባን አቅም መቀነስ ከመግታት ብዙም አላለፈም።

ደርሶም ቢሆን የትኛው ሕዋስ ጋ ደረሰ? የአየር ቧንቧው የላይኛው ሕዋሳት ያረጁና በሌሎች ይተካሉ። የታረሙት እነሱ ብቻ ከሆኑ እርማቱም አብሮ ያልቃል። ዘላቂ እንዲሆን ከሥር ያሉትን ግንደ-ሕዋሳት ማግኘት ያስፈልጋል። በ2024 በአይጦች ላይ በደም ሥር የተሰጡ ቅንጣቶች የሳንባ ግንደ-ሕዋሳትን አርመው ውጤቱ ከ600 ቀናት በላይ መቆየቱ ብዙ ተመራማሪዎችን ያስደሰተውም ለዚህ ነው። ልብ በሉ፣ በአይጥ ነው።

በመቶኛው መደለል ወይም ተስፋ መቁረጥ

በዚያው በ2024 ኤፍ508ዴልን ማረም በአንድ የቤተ-ሙከራ የሕዋስ ዘር 58 በመቶ፣ ከሕሙማን በተወሰዱ የአየር ቧንቧ ሕዋሳት ደግሞ 25 በመቶ ገደማ መድረሱ ተዘገበ። አንዱ አንባቢ «ሩብ ብቻ?» ብሎ ይተወዋል። ግን እያንዳንዱ ሰው የዘረ-መሉ ሁለት ቅጂዎች አሉት፤ አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ የተሸከሙ ወላጆች በሽታው የለባቸውም፤ ሙሉ ሥራ አያስፈልግም ማለት ነው። ከሕዋሳቱ አሥረኛው ያህል እንኳ ቢስተካከል የክሎራይዱ ዝውውር በጉልህ እንደሚመለስ ከቆዩ የቤተ-ሙከራ ጥናቶች ታውቋል። በሌላ በኩል 58ቱን ይዞ የሚፈነጥዝ አንባቢ፣ በሳህን ላይ ያለ ሕዋስ አክታም መከላከያም እንደሌለው ይዘነጋል።

ሳንባው ከታረመ ሰውዬው ዳነ ማለት

በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ጠባሳ የያዘ ሳንባ በአርትዖት አዲስ አይሆንም። ቆሽትም በብዙዎች ገና በሕፃንነት ይጎዳል፤ ወደ ሳንባ የሚላክ እርማት ደግሞ እዚያ አይደርስም። የአብዛኞቹ ወንዶች የመካንነት ምክንያት ደግሞ ከልደት ጀምሮ የዘር ማስተላለፊያ ቱቦ አለመኖር ነው፤ ያልተሠራን ቱቦ አርትዖት አያበጅም።

ለልጅም ይተላለፋል ብሎ ማሰብ

አይተላለፍም። የሳንባ ሕዋሱ የታረመለት ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ያንኑ የቀድሞውን ቅጂ ነው። በ2018 በቻይና ዓለምን ያስቆጣው የፅንስ አርትዖት ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ያለምክንያት ያስፈራል።

አዲሱን እየጠበቁ ያለውን ማቋረጥ

ለሲስቲክ ፋይብሮሲስ የጸደቀ የአርትዖት ሕክምና የለም። ክኒኑን፣ አክታ ማስወጫ ልምምዱን፣ የኢንዛይም መድኃኒቱን ማቆም ነገ ሊታረም የሚችለውን ሳንባ ዛሬ ማጥፋት ነው። «ክፈሉና እናርማለን» ከሚል ክሊኒክም መራቅ ይገባል፤ በትክክለኛ ጥናት ላይ ተሳታፊ በተለምዶ የሕክምናውን ዋጋ አይከፍልም። ወደ ጥናት ለመግባት የሚያስብ ሰው ከመፈረሙ በፊት ሕክምናውን ወደ ሕዋሱ የሚያደርሰው ማጓጓዣ ቫይረስ መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ። ሰውነት በቫይረሱ ላይ የመከላከያ አካላት ካበጀ ሁለተኛው ዙር ላይሠራ ይችላል፤ በኋላ ከሚመጣ የተሻለ ጥናትም ሊያስቀር ስለሚችል፣ ይህን ቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።