የደረቀ ግሪስ፦ የድሮ የተራራ ብስክሌት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ፣ ከፌርፋክስ ከተማ አጠገብ «ሪፓክ» የሚባል አቧራማ ቁልቁለት አለ። በ1976 ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝ፣ ቻርሊ ኬሊና ጓደኞቻቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸውን ከባድ ብስክሌቶች ይዘው በዚያ መሽቀዳደም ጀመሩ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የብስክሌቶቹ ፍሬን ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ፣ በኋላ ጎማው ሞዞ (ጎማው በሚዞርበት እምብርት) ውስጥ የተቀበረ ነበር። ከከፍታው 400 ሜትር ገደማ ወርደው ታች ሲደርሱ ሞዞው ግሎ ግሪሱ ጨሶ ያልቃል፤ ለሚቀጥለው ዙር ፈትቶ እንደገና መሙላት ግድ ነው። የቁልቁለቱ ስም ትርጉምም ይኸው ነው፤ እንደገና መጠቅጠቅ።

የእኛ ችግር የዚያ ተቃራኒ ነው። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ የቆመ ብስክሌት ግሪሱ አልጨሰም፤ ደርቆ እንደ ጧፍ ሰም ሆኗል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በየሰፈሩ ሰዎች ቤታቸው ደጃፍ ላይ ከሚዘረጉት አሮጌ ዕቃ መካከል ነው የምለቅማቸው። «ተበላሽቷል» ተብለው በርካሽ ከተሸጡልኝ ውስጥ በእርግጥ የተበላሹት ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ሳታነቡ ብትቀሩ እንኳ ይህን ያዙልኝ፦ የድሮውን ሳታጥቡ አዲስ ዕቃ አትግዙ።

«የድሮ» የምለው ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስተምፕጃምፐር የሚባለውን የተራራ ብስክሌት በብዛት ለገበያ ካወጣበት ከ1981 ጀምሮ፣ ቪ-ብሬክ የሚባለው የዕቃ አምራቹ የሺማኖ አዲስ ፍሬን እስከመጣበት እስከ 1996 ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ዓለም ነው።

ፔዳሉ ይዞራል፣ ብስክሌቱ አይሄድም

ሻጩን ተስፋ የሚያስቆርጠው፣ ገዢውን ግን ደስ ሊያሰኘው የሚገባው ምልክት ይህ ነው። ካቴናው ይዞራል፣ የኋላ ጥርሶቹም ይዞራሉ፤ ጎማው ግን ዝም። አንዳንዱ በሙቀት ወራት ደህና ሠርቶ በጥር ብርድ ብቻ እንዲህ ያደርጋል።

ከኋላ ጥርሶቹ ሥር ባለው ከበሮ ውስጥ በቀጭን ስፕሪንግ የሚገፉ ትናንሽ የብረት ምላሶች አሉ። ፔዳል ሲረገጥ ምላሶቹ ተነሥተው ይነክሳሉ፤ ሳይረገጥ ሲንከባለል ይተኛሉ፤ ያ የምንሰማው «ጠጠጠጠ» የእነሱ ድምፅ ነው። ግሪሱ ሲደርቅ ምላሶቹ እንደተኙ ተጣብቀው ይቀራሉ። ብርድ ሲሆን ሰሙ ይበልጥ ስለሚጠነክር ነው በብርድ ወራት የሚብሰው።

መጀመሪያ የሞዞውን ዘንግና ኳሶች አውጡ። በኋላ ሞዞ ብዙውን ጊዜ በእያንዳንዱ ጎን ዘጠኝ ኳስ አለ፣ መጠኑም ሩብ ኢንች ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ሥር ጨርቅ አንጥፉ፤ አንዷ ከተንከባለለች ማቀዝቀዣ ሥር ነው የምትገኘው። ከዚያ ጎማውን በጎኑ አጋድማችሁ በከበሮው ክፍተት ነጭ ጋዝ አንጠባጥቡ፤ ከበሮውን በእጅ እያዞራችሁ አሳድሩት። በማግሥቱ የሚወርደው ቡና አተላ የመሰለ ነገር ነው። ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድገሙት፣ በደንብ አድርቁት፣ በመጨረሻ ወፈር ያለ የሞተር ዘይት አንጠባጥቡበት። ግሪስ አትጨምሩ፤ ወፍራም ግሪስ ምላሶቹን መልሶ ያስተኛቸዋል። ግሪሱ ለኳሶቹ ነው፤ እነሱን አዲስ ብትገዟቸው ዋጋቸው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ጥርሶቹ በአንድነት ሞዞው ላይ እንደ ብሎን እየዞሩ የሚታሰሩበት የቆየው ዓይነትም ሕመሙ አንድ፣ መድኃኒቱም አንድ ነው።

ማርሽ መቀየሪያው ይገፋል፣ ግን አይዝም

ከ1990 አካባቢ ጀምሮ ከመሪው ሥር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የሚገፋ መቀየሪያ ተስፋፋ። በውስጡ ያሉት ምላሶች የሞዞው ታናናሽ ወንድሞች ናቸው፤ በዚያው በሽታ ይታመማሉ። ጣት ይገፋል፣ «ጠቅ» የሚል ነገር የለም።

ሽፋኑን ብቻ አንሡና ቅባት የሚያጥብ ስፕሬይ ንፉበት፤ መቀየሪያውን ሃምሳ ጊዜ ያህል ግፉ፤ እንደገና ንፉ። ሁለት ሦስት ዙር ላይ አንዱ ምላስ ይነቃል፣ ከዚያ ሌላው። ሲጨርስ ቀጭን ዘይት በቂ ነው። ውስጡን ሙሉ በሙሉ ፈትታችሁ ለማጽዳት አትሞክሩ። አንድ ጊዜ ሞክሬ የሰዓት ስፕሪንግ የመሰለ ነገር ፊቴ ላይ ተፈናጠረ፤ መልሼ ለመግጠም ሦስት ምሽት ፈጀብኝ፣ ከተገጠመ በኋላም አንድ ማርሽ ጠፋበት።

ከመሪው በላይ የሚቀመጠው የድሮው የአውራ ጣት መቀየሪያ ግን እንዲህ አያስቸግርም። የ1987ቱ ሺማኖ ዲኦሬ ኤክስቲ «ጠቅ ጠቅ» ማለቱ ቢያቅተው እንኳ ቀለበቱን አዙሮ ያለ ጠቅታ በስሜት ብቻ መቀየር ይቻላል። በእኔ ሚዛን ከእርሱ የተሻለ መቀየሪያ ከዚያ ወዲህ አልተሠራም፤ የሚከራከረኝ ይከራከር።

ኃይል ሲሰጡት ካቴናው ይዘላል

ይህ ግሪስ የማይፈውሰው ነው። አሥራ ሁለት ሙሉ ቀለበት ካቴና አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊሜትር ይረዝማል። በማስመሪያ ለኩት፦ 1.6 ሚሊሜትር ከጨመረ ካቴናውን ቀይሩ፤ ወደ 3.2 ከደረሰ የኋላ ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋል፤ አዲስ ካቴና ብቻውን ብትገጥሙበት ይብስ ይዘላል። ከ1980ዎቹ የሆነ ዩኒግላይድ የሚባለው የሺማኖ ጥርስ ካላችሁ ግን ገና አትጣሉት። ከትንሿ በስተቀር ጥርሶቹን አውጥታችሁ ብትገለብጧቸው ያልተበላው ጎናቸው ይሠራል።

ፍሬኑ ይጮኻል፣ አይዝምም

የዘመኑ ፍሬን ካንቲሊቨር ነው፦ ወደ ጎን የተዘረጉ ሁለት ክንዶችና በላያቸው እንደ ድንኳን የሚሰበሰብ ሽቦ። የፍሬኑ ጎማ በሠላሳ ዓመት እንደ ቀንድ ይደርቃል፤ ቸርኬውን ሲነካ ከመያዝ ይልቅ ይንሸራተታል፣ ይንጫጫል። የጎማውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ቸርኬውን በአልኮል ጥረጉ፤ ካልተሻለው አዲስ ጎማ ግዙ። ስትገጥሙ ጎማው ወደ ፊት ያለው ጫፉ ቸርኬውን ቀድሞ እንዲነካ፣ የኋላው ጫፍ ግን አንድ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖረው አድርጉ። ጩኸቱ የሚሄደው በዚህች ሚሊሜትር ነው። ኃይሉን የሚወስነው ደግሞ ድንኳኑ ነው፤ የሽቦው መገናኛ ዝቅ ሲል አያያዙ ይጠነክራል፣ ከፍ ሲል ይላላል። ዝቅ ስታደርጉት ወፍራሙን የመሬት ጎማ እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

ሰው የሚጎዳ ስሕተት አለ፤ ደጋግሜ ስለማየው ልናገረው። ፍሬን ለመያዝ የሚጨበጠውን የድሮውን የእጅ መያዣ እንዳለ ትቶ ቪ-ብሬክ መግጠም። ቪ-ብሬክ ከካንቲሊቨር እጥፍ ገደማ የሚሆን ሽቦ እንዲሳብለት ይፈልጋል። የድሮው መያዣ ያን ያህል አይስብም፤ ስለዚህ መያዣው መሪው ላይ ሊደርስ ሲቃረብ ፍሬኑ በድንገት ይነክሳል። በቁልቁለት ላይ ውጤቱ ምን እንደሆነ መገመት ይቻላል።

የኮርቻው ምሰሶ አልነቃነቅ አለ

እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ፤ ብዙ ፍሬም የሚሞተው በዚህ ነውና።

ፍሬሙ ብረት፣ ምሰሶው አልሙኒየም ነው። ሁለቱ ተለያይተው ቢኖሩ በሰላም ይኖሩ ነበር፤ በመካከላቸው ላብና የዝናብ ውኃ ሲገባ ግን እንደ ባትሪ ይሆናሉ፣ የሚበላውም አልሙኒየሙ ነው። የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ከአልሙኒየሙ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ምሰሶውን ከውስጥ ይሸብበዋል። በመዶሻ መምታት ይህን አያስፈታም፤ ቧንቧውን ያጣምማል እንጂ።

በትዕግሥት ተራ በተራ ይሞከር። ማጥበቂያ ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አውጡ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ከላይ አንጠባጥቡ፤ ከዚያ የፔዳል ዘንጉን ፈትታችሁ ፍሬሙን ገልብጡና ከታችም በቧንቧው ውስጥ አፍስሱ። ዘይቱ በጣም የሚሠራው ከታች ነው። ሦስት አራት ቀን ተዉት። በመጨረሻ የምሰሶውን ራስ በሞርሳ አስራችሁ ፍሬሙን እንደ መሪ አዙሩት። ረጅሙ ፍሬም ራሱ የመፍቻ እጀታ ይሆናል።

ሰዎች ወዲያው ወደ እሳት ይሮጣሉ። አልሙኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ሁለቱም ከጋሉ ይበልጥ ይጣበቃል። የሚጠቅመው ተቃራኒው ነው፤ ብርድ። አንድ ሰማያዊ ፍሬም ሁለት ሳምንት ሙሉ አልበገር ብሎኝ ነበር። በጥር አንድ ሌሊት፣ ውኃው ሁሉ በረዶ በሆነበት፣ በረንዳ ላይ አሳደርሁት። ጠዋት ጎረቤቴን ጠራሁና እርሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ይዘን እንደ በሬ ቀንድ ጠመዘዝነው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሁለታችንም ፍሬሙ ተሰበረ ብለን ለቀቅነው። የተሰበረው ዱቄቱ ነበር። ምሰሶው ነጭ አመድ እያራገፈ፣ በእያንዳንዱ ዙር የፀጉር ስፋት ያህል እየወጣ፣ ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ምሰሶውን ቆርጦ በመጋዝ ስለት ከውስጥ እየሰነጠቁ ማውጣት አለ፤ አሰልቺ ነው፣ የፍሬሙን ግድግዳ እንዳትነኩ ብቻ። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ያሟሟል፤ የሚያዋጣው ለብረት ፍሬም ብቻ ነው፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ የሚወጣውም ጋዝ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ነው። እኔ እስካሁን አልተጠቀምሁበትም፤ ባልጠቀምበት ደስ ይለኛል።

ከወጣ በኋላ የቧንቧውን የውስጥ ስፋት በጥንቃቄ ለኩ። የዘመኑ ምሰሶዎች 26.4፣ 26.6፣ 26.8፣ 27.0፣ 27.2 ሚሊሜትር እየተባሉ በ0.2 ይለያያሉ። «ይገባል» ብላችሁ ቀጭኑን ከገጠማችሁ ማጥበቂያው ቧንቧውን ጨምድዶ ያበላሸዋል። አዲሱን ግሪስ ቀብታችሁ አስገቡ፣ በዓመት አንድ ጊዜም አውጥታችሁ መልሱት።

መሪው መካከል ላይ ሲደርስ ያዝ ያደርጋል

እጅ ለቅቀው ሲነዱ ብስክሌቱ ወደ ቀጥታው «ይወድቃል»። በመሪው አንገት ውስጥ ያሉት ኳሶች ለዓመታት በአንድ ቦታ ተቀምጠው የሚዞሩበትን ኩባያ አጎድጉደውታል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ኳሶቹን ከያዛቸው ቀለበት አውጥታችሁ በግሪስ ብቻ ግጠሟቸው፤ ያለ ቀለበት አንድ ሁለት ኳስ ይጨምራል፣ ከጉድጓዱም ይሸሻሉ። ለጥቂት ዓመታት ይሄዳል። አዲስ ሲገዛ ግን የአንገቱ መጠን 1፣ 1 1/8 ወይም 1 1/4 ኢንች መሆኑን ሳይለኩ አይሆንም።

ፔዳል ሲረገጥ ይንቋቋል

የፔዳል ዘንጉን አውጥታችሁ አጽዱ፣ ግሪስ ቀቡ። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ በአብዛኞቹ በካቴናው በኩል ያለው የዘንጉ ኩባያና የግራው ፔዳል ጥምዝምዛቸው ወደ ግራ የተሠራ ነው፤ የሚፈቱት ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ይህን ሳያውቅ በረጅም ቧንቧ የታገለ ሰው ብዙ ነው።

የፊት ሹካው አይነጥርም

የ1990ዎቹ የመጀመሪያዎቹ ነጣሪ ሹካዎች ብዙዎቹ በውስጣቸው ለስላሳ ጎማ መሳይ ምሰሶ ነበራቸው። አሁን ሲከፈት ወይ ድንጋይ ሆኗል፣ ወይ እንደ አሮጌ ማስቲካ ተሙለጭልጮ ከእጅ ጋር ይወጣል። ምትክ ካልተገኘ ተመሳሳይ ቁመት ያለው የማይነጥር የብረት ሹካ ግጠሙበት፤ ብስክሌቱም ይቀላል። የመጀመሪያውን ሹካ ግን በካርቶን አስቀምጡት።

ቀለሙን አትንኩት። ጭረቱ ዝገት እንዳይሆን ሰም ቀቡት፣ ከዚያ በላይ አትሂዱ። በጎማው ጎን ላይ 559 የሚል ቁጥር ያለበት 26 ኢንች ጎማ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፤ በሁለት ኢንች ስፋት ከ2 እስከ 2.5 ባር ንፋስ ይበቃዋል።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ኪሎ ሜትሮች ላይ አዲሱ ሽቦ ተቀምጦ ይላላል፤ ማርሹ ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ማመንታት ይጀምራል። ይህ ብልሽት አይደለም። መንገድ ዳር ቁሙና የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ሽቦው የሚገባበትን ጠመዝማዛ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ግማሽ ዙር አዙሩት፤ ከዚያ ሂዱ።