ከሐረር ወደ ቁንዱዶ አምባ፦ አወጣጥና አወራረድ

ቁንዱዶን መውጣት ያደክማል እንጂ አያሳስትም፤ የሚያሳስተው መውረዱ ነው። የተራራው አናት ለጥ ያለ የሣር ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል ነው። ከላይ ሲታይ መውረጃው ከሌላው ጠርዝ አይለይም፤ ጭጋግ ከወረደ ደግሞ ጠርዙም አይታይም። ስለዚህ ሜዳው ላይ እንደረገጡ ዞር ብለው የመጡበትን ይመልከቱ፤ ቦታውንም ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ የስልክ ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኩን ከጃኬት ውስጥ ይያዙ።

ከሐረር በጅግጅጋ መንገድ ባቢሌን አልፈው ቦምባስ ላይ ወደ ሰሜን ሲታጠፉ ፉኛን ቢራ፣ የጉርሱም ወረዳ ከተማ ይገባሉ። ሚኒባስ ሳይሞላ ስለማይነሳ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሞከርም። በሥራ ቀን ከ10 ሰዓት በፊት ደርሰው፣ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል መንገድ መሪ ይያዙ፤ ዋጋውንም ያኔውኑ ይቁረጡ። አድረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሱ።

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሐረር 1885 ሜትር ላይ ናት፤ አምባው ወደ 3000 ይጠጋል። ስለዚህ ከሐረር በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ፣ ወፍራም ሹራብ፣ የሚቆነጥጥ ሶል ያለው ጫማ ያስፈልጋል። ስንቅ ከባቢሌ ለውዝ የሚሻል የለም፤ ቀላልና ጉልበት ሰጪ ነው።

በማሽላና በጫት ማሳዎች መካከል ሲያልፉ እርከን አይርገጡ፤ አንድ ድንጋይ ከተነቀለ ቀጣዩ ዝናብ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። እረኛ ሲያገኙ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ይቁሙ፤ ከብቶቹን ከኋላ አይጠጉ፣ ወደ ገደሉ ይሸሻሉና።

ባለቤት የሌላቸው የቁንዱዶ ፈረሶች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህም ልብ ያሳሳሉ። ቢያንስ 100 ሜትር ይራቁ፣ በእነሱና በሜዳው እምብርት መካከል በጭራሽ አይግቡ። መሸሻቸው ወደ ጠርዙ ከሆነ ውርንጭላ ሊወድቅ ይችላል። ካሜራ ከማንሳት በፊት ቁጭ ይበሉ፤ ሲለምዱ ራሳቸው ይቀርባሉ።

ከ7 ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ አይቆዩ። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ረጅሙ ነገር እርስዎ ስለሆኑ ነጎድጓድ ሲሰማ ወዲያው ይውረዱ፤ እርጥብ ሣር ያንሸራትታልና በዘንግ እየተደገፉ፣ መሪውን አስቀድመው።