በአያት ቅድመ አያት ስም ውስጥ የመኳንንት ዘር ምልክት እንዴት ይለያል?

በእኛ አገር ልማድ ከትውልድ ትውልድ የሚወረስ የቤተሰብ ስም የለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የአያታቸው ስም በወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለተመዘገበ፣ ያንኑ ይዘው የዘር አርማ በሚሸጡ ድረ ገጾች ላይ ይፈልጋሉ። ከዚያ የሚገኝ ነገር የለም። የእኛ ምልክት የሚገኘው ከስሙ በፊት በሚጠራው ማዕረግ፣ በፈረስ ስም (ጦረኛው በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ተብሎ በሚጠራበት) እና በሴት አያቶች በኩል ነው።

በመጀመሪያ መጠሪያዎቹን ሁሉ ሰብስቡ። ለጋብቻ ሲባል ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ወይም አሮጊት ከቤተሰቡ ፈልጉ። ስታገኙም ስም ብቻ ተቀብላችሁ አትነሡ፤ «ሰው ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ማዕረጎች በ1967 ዓ.ም በደርግ ስለተሻሩ፣ ከዚያ ወዲህ በተጻፈ ወረቀት ላይ «ግራዝማች» ወይም «ፊታውራሪ» የሚለው ተቆርጦ ባዶ ስም ብቻ ሊቀር ይችላል። የዓለም ስምን፣ የክርስትና ስምንና የፈረስ ስምን ለየብቻ መዝግቡ። የነቀምቴው ገዥ ኩምሳ ሞረዳ ከተጠመቁ በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብለዋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

ቀጥሎ ሹመትን ከትውልድ ለዩ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ባላምባራስ የሚሰጡ ማዕረጎች ናቸው። የመኳንንት ልጅ ቶሎ ያገኛቸው ይሆናል እንጂ ከአባቱ በውርስ አይተላለፉለትም። በ1879 ዓ.ም ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር የደመሰሱት ራስ አሉላ እንግዳ የተምቤን ገበሬ ልጅ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ ናቸው። ይህ ክብራቸውን አይቀንሰውም፤ እኔ እንዲያውም ከተወረሰ ክብር አስበልጬ አየዋለሁ። ስለዚህ ቅድመ አያታችሁ ቀኛዝማች ከነበሩ «ሰውዬው ተሹመዋል» ብላችሁ ጻፉ፤ «ዘራቸው የመኳንንት ነው» የሚለው ግን ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። አለቃና መሪጌታ የቤተ ክህነት፣ ነጋድራስ የንግድና የቀረጥ፣ በጅሮንድ የግምጃ ቤት መሆናቸውንም አስታውሱ።

ትውልድን የሚናገሩት መጠሪያዎች ጥቂት ናቸው። ትልቁ ትንሽ የሚመስለው «ልጅ» ነው፤ እንደ ልጅ ኢያሱና እንደ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ያሉ የመሳፍንትና የከፍተኛ መኳንንት ልጆች ይጠሩበት ነበር። በድሮ የዘር ሐረግ ውስጥ «አቤቶ» ካገኛችሁ የነገሥታት ዘር ሳይሆን አይቀርምና በጥንቃቄ ተከታተሉት። የዋግ «ዋግ ሹም» እና የአምባሰል «ጃንጥራር» ደግሞ ከአካባቢው ገዥ ቤተሰብ ሳይወጡ የኖሩ መጠሪያዎች ናቸው። «ወይዘሮ» የዛሬው ትርጉሙ አያሳስታችሁ፤ ቀድሞ የታላላቅ ቤት ሴቶች ብቻ ይጠሩበት ስለነበር ዘመኑን ሳታረጋግጡ አትፍረዱ።

የፈረስ ስም ጠይቁ። አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ አሉላ፣ አባ መላ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። በ1943 ዓ.ም ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። የፈረስ ስም ጦረኝነትን ይመሰክራል፤ ከምሳሌዎቹ እንደምታዩት ግን ለንጉሥም ለገበሬ ልጅም ወጥቷል። «አባ» የሚለው የመነኩሴ መጠሪያም ስለሆነ የሚከተለውን ስም ተመልከቱ።

በተጸውዖ ስም አትታለሉ። መኮንን፣ መስፍን፣ ልዑል፣ ንጉሤ ማንም ወላጅ ለልጁ የሚያወጣቸው ስሞች ናቸው። ዓለም ሰገድ የዐፄ ፋሲለደስ የንግሥ ስም ነበር፤ ዛሬ ተራ ስም ነው።

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዙሩ። የእኛ የስም አጠራር አባትን ብቻ ይዞ እናትን ይጥላል፤ ዘርና ርስት ግን በእናትም በኩል ይቆጠሩ ነበር። ተፈሪ መኮንን ወልደ ሚካኤል የሚለውን ብቻ የሚያነብ ሰው የሸዋን የንግሥና ሐረግ አያገኝም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘር የቆጠሩት በራስ መኮንን እናት በወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትውልድ ላይ የሚስትየውን ስም፣ የአባቷን ስምና የመጣችበትን አገር ጨምሩ። ሽማግሌዎች ይህን ሳይጠየቁ አይናገሩትም።

በመጨረሻ ከጽሑፍ ጋር አስተያዩ። የቤተሰብ ደብዳቤና ማኅተም፣ በደብሩ ግቢ ያለ የመቃብር ጽሑፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ የርስትና የጉልት (ለሹም ወይም ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የመሬት ግብር መብት) ውል ሁሉ ያገለግላሉ። አዲስ አበባ ላሉ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጥሩ መነሻ ናቸው። ስትፈልጉ ደጃዝማችን «ደጃች»፣ ቀኛዝማችን «ቀኝ አዝማች»፣ ግራዝማችን «ግራ አዝማች» ተብሎም እንደሚጻፍ አትርሱ። ያገኛችሁት ሰነድ የሰውየውን አባትና አገር ካልጠቀሰ ግን ሞክሼ ሊሆን ስለሚችል ከሐረጋችሁ ጋር አታያይዙት።